ከውስጥ የማይከፈት በር

አባቴ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበው። መጀመሪያ ለራሱ፣ ቀጥሎ ለእኔ፣ በመጨረሻ ደግሞ ካውያ ሊገዙ ገብተው ዋጋ ሲከራከሩ ለነበሩ ሁለት ደንበኞች። «እንከን የለውም ይላል» አላቸው። «ይህን የጻፈው እኮ በዚህ ከተማ ምንም ነገር የማይጥመው ሰውዬ ነው።»

ደንበኞቹ ስለ መኪና አልጠየቁም ነበር። ነጋዴ ደስ ሲለው ዋጋ እንደሚቀንስ ስለሚያውቁ ግን ራሳቸውን ነቀነቁለት። እኔ ከተመላሽ ዕቃ ጠረጴዛዬ ጀርባ የተሰበረ የውሃ ማፍያ መክደኛ ይዤ ቆሜያለሁ። ፈገግ ያለው ፊቴ ብቻ ነው።

ወረቀቱ የመኪና ምርመራ ውጤት ነው። መኪናውን ያመጣው ለመደብራችን የቤት ዕቃ የሚያቀርበው አስመጪ ሲሆን፣ ያመጣውም ለእኔ ነው። አባቴ መኪናውን ከተቀበለ እኔም አስመጪውን ተቀበልኩ ማለት ነው። ይህን ማንም በአፉ አላለውም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። አባቴ በነፃ የመጣን ነገር ከተገዛ ነገር ይበልጥ ስለሚጠራጠር «መጀመሪያ ይታይ» አለ። የላከው ደግሞ፣ ምንም ሳያውቅ፣ እኔ የምወደው ሰው ወደሚሠራበት ጋራዥ ነው።

ሰውዬው መካኒክ ነው። የጋራዡ ሰዎች «ጆሮ» ይሉታል። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሌላው ፈታቶ የሚያገኘውን እሱ ሳይፈታ ይሰማዋል።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። ከስምንት ወር በፊት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ አራት ሴቶች ገና ከካርቶኑ ያልወጣ የውሃ ማፍያ ይዘው መጡና «ጋራዥ ያለው ሰውዬ መክደኛው አይበረክትም አለን» ብለው መለሱ። የአባቴ ደም ፈላ። «ሂጂና ምላሱን አሳጥሪልኝ» ብሎ ላከኝ። አንዱን ማፍያ በብብቴ ሸጉጬ፣ የምሰድብበትን ንግግር መንገድ ላይ ሁለቴ ተለማምጄ ሄድኩ። እሱ ግን ማፍያውን ተቀበለኝና መክደኛውን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ እያደረገ አዳመጠው። «ማጠፊያው ላይ ያለችው ፕላስቲክ እንፋሎት አትችልም። ሦስት ወር» አለኝ። «ሌላው ነገሩ ግን ጎበዝ ነው፤ ቶሎ ያፈላል፣ አይጮኽም።» ንግግሬ ጠፋብኝ። በሦስተኛው ወር መክደኛዎቹ እየተሰበሩ ጠረጴዛዬ ላይ ይደረደሩ ጀመር።

ከዚያ ወዲህ መላላክ ጀመርን። እኔ ሰዎች የመለሱትን ዕቃ እልክለታለሁ፣ እሱ ፍርዱን ጽፎ ይልክልኛል። የሚጽፈው በጋራዡ የመኪና መመርመሪያ ጥራዝ ላይ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ነጭና ቢጫ ቅጠል አለው፣ በመሀል ካርቦን ይገባል። ነጩ ለደንበኛ ይሰጣል፣ ቢጫው ጥራዙ ላይ ይቀራል። «የታየ»፣ «የተሰማ»፣ «የሚጠገን» የሚሉ ሦስት መስመሮች ታትመውበታል። አራተኛውን እሱ በእጁ ጨመረው፦ «እኔ ብሆን»። ደንበኛ ሁሉ አስቀድሞ የሚያነበው ያንን ነው።

ስለ አንድ ካውያ፣ «እኔ ብሆን አልገዛውም፤ ገመዱ አጭር ስለሆነ ሰውን ከግድግዳ ጋር ያጣብቃል» ብሎ ጻፈ። ስለ ፔርሙዝ፣ «እኔ ብሆን ይህን ለአማቴ አልሰጥም፤ ሻዩ በቀዘቀዘ ቁጥር የምታነሳው የእኔን ስም ነው» አለ። ስለ ጃንጥላ ደግሞ፣ «እኔ ብሆን እገዛዋለሁ። ለሁለት ሰው ይጠባል፤ ይህን ግን እንደ ጉድለት አልቆጠርኩትም» ብሎ ላከልኝ። የጃንጥላውን ወረቀት ትራሴ ሥር አኖርኩት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ በሚያደርጉ ሴቶች ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ በመኪናው ይሸኘኛል። አባቴ እንዳያይ ቤታችን ለመድረስ ሁለት መንገድ ሲቀር እወርዳለሁ። መኪናው በዕድሜ ይበልጠኛል። ሰማያዊ ነው፣ ወይም ነበር። የቀኙ የፊት በር ከውስጥ አይከፈትም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ እሱ ወርዶ፣ በፊት በኩል ዞሮ ይከፍትልኛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ጨዋነት መስሎኝ ልቤ ይቀልጥ ነበር። አንድ ቀን መያዣውን ስሞክረው ነው ነገሩ የገባኝ። መንገድ ላይ ሳለን የሚያልፈውን ሁሉ ይተቻል። ግዙፍ መኪና ሲያይ «ይኼ ለዳገት አልተገዛም፣ ለጎረቤት ነው የተገዛው» ይላል። ጣሪያው መስታወት የሆነ ሲያይ «ሰማይ እኮ ድሮም በነፃ ነው» ይላል። ስለ አሮጌ የጭነት መኪና ሲያወራ ግን ድምፁ ይለዝባል። «ስሚው፤ አርጅቷል እንጂ አያማርርም» ይለኛል። እኔም አብሬው ማዳመጥ ለመድኩ።

ባለፈው ሐሙስ ነገርኩት። ቀኑን ሙሉ በልቤ ሳመላልሰው የዋልኩትን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። «አስመጪው መኪና ሊሰጠኝ ነው። አባዬ ከተቀበለው አለቀ፣ ልዳር ነው።»

መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ፣ መሪውን ግን አልለቀቀም። ከዚያ «ምን ዓይነት መኪና?» አለኝ።

አንባቢ ይፍረደኝ። አንዲት ሴት ሌላ ሰው ሊወስደኝ ነው ስትለው «ምን ዓይነት መኪና?» ብሎ የሚጠይቅ ወንድ ምድር ላይ ስንት ይኖራል? ልወርድ መያዣውን ጎተትኩት። አልተከፈተም። እልህ እየተናነቀኝ፣ እሱ ወርዶ፣ በዚያ በረጅሙ ኮፈን ዞሮ መጥቶ እስኪከፍትልኝ ድረስ እንደ ዕቃ ተቀምጬ ጠበቅኩት። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። አልቆምኩለትም።

አሁን ያ ወረቀት አባቴ እጅ ላይ ነው። ደንበኞቹን ሸኝቶ ሲመለስ ተቀብዬ አየሁት። የታየ፦ ቀለሙ የራሱ ነው፣ ተጋጭቶ አያውቅም። የተሰማ፦ ሞተሩ ንጹሕ፣ ማርሹ ለስላሳ፣ ፍሬኑ በደንብ ይይዛል። የሚጠገን፦ የለም። እኔ ብሆን፦

ባዶ።

ስለ ሳሙና ማስቀመጫ ሐሳብ ያለው ሰው ነው። ስለ ጫማ ማሰሪያ ግማሽ ገጽ የጻፈ ሰው ነው። እኔን ይዞኝ ሊሄድ ስለ ተዘጋጀው መኪና ግን አንዲት ቃል አልነበረውም። ጉዳዩ ስላልሆንኩ ነው አልኩ። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ያ ባዶ መስመር አንጀቴን አቃጠለው።

«ከሰዓት ጋራዥ ሄጄ ቁልፉን እረከባለሁ» አለ አባቴ። «አንቺም ብትመጪና ራስሽ ብትነጂው ደስ ይለኛል።»

«እኔ ቀድሜ ልሂድ። እዚያ እንገናኝ» አልኩት።

ለምን ብሎ አልጠየቀም። የቸኮልኩት በደስታ መስሎት ፊቱ በራ። እሱም አመመኝ።

ነጭ ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ የካውያ ካርቶን ከትቼ ወጣሁ። አርባ አንድ ናቸው። ሰው የመለሰውን መቀበል ሥራዬ ነው፤ አንድ ቀን እኔም ብመልስ ምን አለበት አልኩ።

የጋራዡ ባለቤት ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሴት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ቱታቸውን ለጆሮ ሰጥተው እሳቸው መዝገቡ ጋ ተቀመጡ። መኪና ስለ መንዳት አንዳች አያውቁም፣ ስለሚነዱት ሰዎች ግን የማያውቁት የለም።

«መኪና ሥር ነው» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ምንድን ነው የያዝሽው?»

«የእሱ ዕቃ ነው። ይስጡልኝ፣ እትዬ።»

ካርቶኑን ከፈት አድርገው አዩና መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ። «ሁሉንም ነው?»

«ሁሉንም። የመጨረሻው ብቻ አባቴ ጋ ነው። እሱም ባዶ ነው።»

«ነጩማ ባዶ ነው። ቢጫውን አይተሻል?»

«ቢጫው የነጩ ግልባጭ አይደል እንዴ?»

«ካርቦን ሲኖርበት ነው ግልባጭ የሚሆነው፣ ልጄ። ነጩን ቀዶ ለአስመጪው ሹፌር ከሰጠ በኋላ እዚች ቆሞ ብዕር ሲያኝክ ነው የዋለው። ሁለት መኪና ሳይሠራ ቀረብኝ።» ጥራዙን አውጥተው በምራቅ ባራሱት ጣታቸው ገለጡና ወደ እኔ አዞሩት። «አንብቢው። ከዚያ ካርቶንሽን የፈለግሽበት ጣዪው።»

ሦስቱ መስመሮች በካርቦን ሰማያዊ ደብዝዘው ታትመዋል። አራተኛው በጥቁር ብዕር፣ ወረቀቱ እስኪጎደጉድ ድረስ ተጭኖ የተጻፈ ነው።

«እኔ ብሆን፦ መኪናውን እገዛዋለሁ። እንከን ፈልጌበት ነበር። ሁለት ጊዜ በክሪክ አነሳሁት፣ አንድ የላላ ብሎን እንኳ ባገኝ ብዬ ተመኘሁ። የለውም። ሐሙስ ዕለት ምን ዓይነት መኪና ብዬ የጠየቅኳት የመኪናው ነገር አስጨንቆኝ አይደለም። ስፈራ ከአፌ የሚወጣው የማውቀው ነገር ብቻ ነው። ይህን ነጩ ላይ ብጽፈው አባቷ ያነቡታል፣ በእኔ ጦስ እሷን ይቆጧታል። ስለዚህ እዚሁ ይቅር። እኔ ብሆን መኪናውን ገዝቼ፣ እሷን ግን እንዳትገባበት እለምናት ነበር።»

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። እንባዬ መጣ። እትዬ መሐረብ አቀበሉኝ። መሐረቡ ግራሶ ግራሶ ይሸታል።

ጆሮ ጎማ በተገጠመለት ጣውላ ላይ በጀርባው ተኝቶ ከመኪናው ሥር ተንሸራቶ ወጣ። መጀመሪያ ጫማዬን አየ፣ ቀጥሎ ጥራዙን። ከፊቱ ጥቀርሻ ሥር እንኳ መቅላቱ ታየኝ።

«እንከን ፈልገህ አጣህ?» አልኩት።

«አጣሁ።»

«አንድ ውሸት ብትጽፍ ምን ነበረበት? ፍሬኑ አይይዝም ብትል አባዬ ያኔውኑ ይመልሰው ነበር።»

«ይይዛል እኮ።» ተነሥቶ ቆመ። እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ ንጹሑን እጁን ሳይቀር ጠረገ። «ደግሞ የምትነጂው አንቺ ነሽ ብዬ አሰብኩ። መኪናው መጥፎ ቢሆን ደስ ሊለኝ ነው፣ አንቺ ግን…» ጨርቁን አጣጠፈው። «እኔ ባልኖርም ፍሬኑ እንዲይዝልሽ ፈለግኩ።»

በሕይወቴ ብዙ የፍቅር ቃል አልተነገረኝም። ቢነገረኝም ከዚህ የሚበልጥ የምሰማ አይመስለኝም።

«ይህን ሐሙስ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርሽ ዞሬ መጣሁ። በሩን ስከፍተው ሄድሽ።»

«ጅል ነህ።»

«ነኝ።»

«አልገባበትም» አልኩት። «አንተ ባትለምነኝም አልገባበትም።» ያንን ጠርጎ ጠርጎ ያልጠራ እጁን ያዝኩት። እሱም ያዘኝ። ሞተር ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው ዓይኑን ጨፈነ።

አባቴ መቼ እንደ ደረሰ አላየንም። በተከራየው መኪና መጥቶ፣ በሩ ላይ ነጩን ወረቀት ይዞ ቆሟል። እትዬ፣ ነገር ሲያልፋቸው የማይወዱት እትዬ፣ ጥራዙን አንስተው ወስደው እጁ ላይ አኖሩለት። ቆሞ ቢጫውን አነበበ። አባቴ ሲናደድ አይጮኽም፣ ሰዓቱን ያያል። ሰዓቱን አየ።

«የውሃ ማፍያዬን የገደለው ይኼ ነው?» አለኝ።

«እሱ ነው፣ አባዬ።»

«ሐሙስ ሐሙስ የምታመሺውም?»

«ከእሱ ጋር ነው።»

ሰዓቱን ደግሞ አየ። «ቁልፉን ያዢና እንሂድ።»

«አልነዳውም። አንተ ንዳው፤ እኔ በእግሬ እመጣለሁ።»

የአስመጪውን መኪና ቁልፍ ከእትዬ ጠረጴዛ ላይ አነሳ። ከነዳው ተቀበለ ማለት መሆኑን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። መዳፉ ላይ ገላበጠውና መልሶ አስቀመጠው። ውጭ ዝናብ ጀምሯል፣ የመጣበት መኪና ሄዷል።

«እኔ ላድርሳችሁ፣ ጋሼ» አለ ጆሮ።

አባቴ ፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ። የዝናብ መጥረጊያው አንዱ ብቻ ይሠራል፣ እሱም ያቃስታል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ አባቴ ፊት ፊቱን እያየ። «ልጄን እንዲህ የምትፈልጋት ከሆነ ያንን መኪና ለምን አላጣጣልከውም?»

ጆሮ በቅንነት አሰበበት። «መኪናው ምን አጠፋ፣ ጋሼ?»

ከኋላ ሆኜ የሚታየኝ የአባቴ ትከሻ ብቻ ነው። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በቁጣ ነው ብዬ የመቀመጫውን ጠርዝ ያዝኩ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ሲያመልጠው ሳቅ መሆኑን አወቅኩ።

«ሳቅኩ ማለት ፈቀድኩ ማለት አይደለም» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«ገብቶኛል።»

«የውሃ ማፍያዬ አሁንም አይረባም?»

እባክህ፣ ዛሬ ብቻ ዋሽ፣ አልኩት በልቤ።

«መክደኛው አይረባም» አለ ጆሮ። «ሌላው ጥሩ ነው። ማጠፊያው ላይ በፕላስቲኳ ፈንታ ቀጭን ብረት ቢገባበት አሥር ዓመት ያገለግላል። ለእትዬ ሠርቼላቸው እስካሁን ያፈሉበታል።»

አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አየው። «መጋዘን ውስጥ ሦስት መቶ አሉኝ።»

«ሐሙስ ካልሆነ ማታ ማታ መጥቼ ማስተካከል እችላለሁ።»

«ሐሙስ ለምን አይሆንም?» ካለ በኋላ መልሱ ትዝ አለው። ቆይቶ ወደ መስኮቱ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ «አስመጪው ቢቀየመኝ መደብሬ ባዶውን መቅረቱ ነው» አለ።

መደብሩ ደጃፍ ስንቆም አባቴ መያዣውን ጎተተ። ደግሞ ጎተተ።

«ከውስጥ አይከፈትም፣ አባዬ።»

ጆሮ ዝናቡ ውስጥ ወርዶ በፊት በኩል መዞር ጀመረ። አባቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እኔ ያን ሐሙስ እንደ ተቀመጥኩት ተቀምጦ ጠበቀው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ዞሮ ይከፍትልሻል?» አለኝ ሳይዞር።

«በሩ ተበላሽቶ እኮ ነው።»

«ተበላሽቶማ ማንም ይከፍታል። ጠግኖትም ዞሮ የከፈተልሽ እንደሆነ፣ ያኔ እንነጋገራለን።»

ማታ መደብሩን ከመዝጋታችን በፊት ለአስመጪው ደወለ። ጠረጴዛዬ ጋ ቆሜ ሰማሁት። ይቅርታ ጠየቀ፣ ልጅቷ አልፈቀደችም አለ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ፊቱ ላይ የጠበቅኩት ድንጋጤ ሳይመጣ ቀረ። ስልኩን ዘጋ።

«ወረቀቱ አለ ወይ አለኝ» አለ። «እንከን የለሽ የሚል ወረቀት ካለው ነገ ይሸጣል፣ ከነወረቀቱ ላክልኝ አለኝ። የሚቀጥለውም ዕቃ በጊዜው ይመጣልሃል አለ።» ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ስለ አንቺ ምንም አልጠየቀኝም።» ቅር እንዳለው ያስታውቃል። ወዲያው ደግሞ በረጅሙ ተነፈሰ፤ እኔም ተነፈስኩ።

ሐሙስ ጧት ለአባቴ ነጭ ወረቀት መጣለት። የሚጠገን፦ የቀኝ የፊት በር። ተጠግኗል፤ ከውስጥም ከውጭም ይከፈታል። «እኔ ብሆን» የሚለው ባዶ ነው። አባቴ አንብቦት አጥፎ የደረት ኪሱ ከተተውና ዛሬ ቀደም ብዬ ቤት እገባለሁ አለ።

ከሥራ ስወጣ ሰማያዊው መኪና፣ ወይም ሰማያዊ የነበረው፣ መደብሩ ፊት ለፊት ቆሞ ጠበቀኝ። ሁለት መንገድ ሲቀር አልወረድኩም። ቤታችን ደጃፍ ድረስ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ጆሮ ስለ መኪና ብቻ አወራ፣ አንዱንም ግን አልተቸም፤ መፍራቱን ያወቅኩት በዚያ ነው። አባቴ በረንዳው ላይ ቆሟል።

መኪናው ቆመ። መያዣው አዲስ ነው። ጣቴን አሳረፍኩበት፤ ቀላል ነበር፣ ትንሽ ብስበው ይከፈታል። እጄን አነሳሁና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

ጆሮ ወረደ። በዚያ በረጅሙ ኮፈን ዙሪያ ሲመጣ በመስታወቱ እያየሁት ነበር። በረንዳው ላይ ያለው አባቴ ሰዓቱን አላየም።

በሩ ከውጭ ተከፈተ።

«ቆየሁብሽ?» አለኝ።

«አይ» አልኩት። «የምቸኩልበት ቦታ የለኝም።»